እበትና ጭድ ያልተገናኙበት ዓመት፤ የደብረ ብርሃን ጓሮ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት

ቦታው ከቤታችን ጀርባ ያለ 200 ካሬ ሜትር ጓሮ። አፈሩ ጥቁርና ከባድ፤ ሲረጥብ ዶማ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዕቅዱ በየካቲት በጉድጓድ ውኃ ድንች መትከል፣ ክረምት ሲገባ ጎመን ማስከተል፣ በኮምፖስት (ከጭድ ጋር በተብላላ ፍግ) የፋብሪካውን ማዳበሪያ ዩሪያን ቢያንስ በግማሽ መቀነስ ነው። ከዚያ በፊት መትከል አይታሰብም፤ እዚህ የበጋው ውርጭ ድንች አያስቀርም። ያሉን እንስሳት አንዲት ላም ከነጥጃዋና ጥቂት በጎች ናቸው።

መጀመሪያ ሂሳብ። በካሬ ሜትር 2 ኪሎ የተብላላ ፍግ ብንል (በሄክታር 200 ኩንታል መሆኑ ነው) ለጓሮው 4 ኩንታል ያስፈልጋል። ከዚህ ግማሹ ውኃ ነው፤ ደረቁ 2 ኩንታል። ሲብላላ ደግሞ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ በአየር ይሄዳል፤ ስለዚህ መነሻው 4 ኩንታል ደረቅ ነገር መሆን አለበት። ሁለት ሦስተኛው እበት፣ ቀሪው ጭድ ቢሆን ወደ 270 ኪሎ ደረቅ እበት ይመጣል። ትኩስ እበት ከአምስት እጁ አራቱ ውኃ ስለሆነ 13 ኩንታል ተኩል ገደማ ትኩስ እበት ማለት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አገር እበት ማገዶ ነው። ገበያ ላይ 20 ኪሎ ገደማ የሚይዝ ጆንያ ኩበት 180 ብር ገዝተናል። 270 ኪሎውን በዚህ ብንመታው ከ2,400 ብር ያልፋል። ለዚሁ ጓሮ ድንች የሚያስፈልገው ናይትሮጅን፣ በሄክታር 110 ኪሎ በሚለው ምክር፣ 2.2 ኪሎ ነው፤ በዩሪያ 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በናይትሮጅን ብቻ ከተሰላ የበጋ እበት ከዩሪያ ጋር ዋጋ አይወዳደርም። ፍግን «ነፃ ማዳበሪያ» የሚሉ ሰዎች የደጋ ማድ ቤት ገብተው አያውቁም። እኔ የፈለግሁት ለአፈሩ ነው፤ እንዲህ የሚለጠፍ መሬት በዩሪያ አይላላም።

ከላይ ሰፈር ኩበት የሚሸጡ እናት ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ እበቱን ሳይጠፈጠፍ ቢሸጡልኝ?»

«ኩበቱን ልሽጥልህ እንጂ እበቱን ምን ብዬ? ጠፍጥፌ ካሰጣሁት ፀሐይዋ ታደርቅልኛለች፣ ብር ነው። አንተ መሬት ውስጥ ልትቀብረው!»

መጨረሻ ላይ የመጠፍጠፍና የማድረቅ ድካሙ ተቀንሶ ኩንታሉ ትኩስ እበት በ150 ብር ተስማማን፤ ስምንት ኩንታል፣ 1,200 ብር። የቀረው ከራሳችን ጋጣ ይወጣል። ቤት ውስጥም ያው ክርክር ነው። እንጀራ የሚጋገረው በኩበት ስለሆነ የላሚቱ እበት ሙሉ በሙሉ የኔ አይደለም።

ኅዳር

የመጀመሪያው ክምር፦ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ ጉልበት ድረስ። አንድ ድርብ እበት፣ አንድ ድርብ ከጋጣ የተጠረገ የተረገጠ ጭድ፣ ትንሽ አፈር። ላዩ በጆንያ ተሸፈነ።

አልሞቀም። የምንለካው በፌሮ ብረት ነበር፤ መሃል ድረስ ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ አውጥቶ መጨበጥ። ብረቱ ለብ ብሎ ብቻ ይወጣል። ሌሊት ውርጭ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ክምር ያመነጨውን ሙቀት በጎኑ ይጨርሰዋል፤ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካልሆነ መሃሉ ራሱን አያሞቅም። ሌላው ደግሞ እበቱ እንደ ጭቃ ተጠቅጥቆ አየር ዘግቷል። ስንቆፍረው መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ እንደተቀመጠ ነበር፤ ጣት የሚያህሉ ነጫጭ ትሎች ተጠቅልለው ተኝተውበታል። እነዚህ ከፍጉ ጋር ወደ መደብ ከገቡ የድንች ሥርና ፍሬ ይበላሉ። ዶሮዎቹን ለቀቅንባቸው።

ስለ አመድ። ሰፈሩ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምድጃ አመድ እበቱ ላይ መድፋት ልማድ ነው፣ ሽታ ያጠፋል ይባላል። ትንሽ ቢነሰነስ ችግር የለውም፤ በአካፋ ሲደፋበት ግን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ወዲያው ይነሳል። እሱ አሞኒያ ነው። አመድ ሲበዛ ፍጉን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፣ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የተከፈለበት ነገር በአየር ሄደ ማለት ነው። አመዱን ለብቻ በበርሜል ማጠራቀም ጀመርን። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል እንጂ ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ጎመን መደብ ላይ ስስ አድርጎ መበተን ይቻላል። ድንች ላይ ግን አይሆንም፤ የድንች እከክ የሚባለው የልጥ በሽታ አልካላይን አፈር ይወዳል።

ታኅሣሥ

ክምሩ ፈረሰ፤ እንደገና ተሠራ። አሁን 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3። ታች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተነጠፈ፣ አየር እንዲገባ።

የካርቦንና የናይትሮጅን ጉዳይ ባጭሩ። የሚፈለገው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው። የላም እበት ለብቻው 20 አካባቢ፣ የገብስና የስንዴ ጭድ 80 አካባቢ፣ የዶሮ ኩስ ከ10 ብዙም አይርቅም። ሰጋቱራ ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራል። ጭድ የበዛበት ክምር አይሞቅም፣ ኩስ የበዛበት አሞኒያ ይተፋል። ከዶሮ እርባታ ሰጋቱራ የተቀላቀለበት ኩስ በ100 ብር ሂሳብ አራት ጆንያ ገዛን። መጓጓዣው ከኩሱ በለጠ፤ ባጃጁ 450 ብር ጠየቀ፣ ለሽታው ጭማሪ መሆኑ ነው።

ጭድ በዚህ ወር ሞልቷል፤ ገብሱም ስንዴውም ባቄላውም አውድማ ላይ ነው። የከብት መኖ ስለሆነ ደህናውን መንካት አይቻልም። የወሰድነው አውድማ ላይ የቀረውን እብቅ፣ ከብት የማይበላውን የባቄላ አገዳና በጋጣ የተረገጠውን ነው። የተረገጠው ከሁሉም ይሻላል፤ ሽንት ጠጥቷል። ከብት ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ፣ ከፖታሲየሙም አብዛኛው በሽንት ነው የሚወጣው። እኛ እበቱን እየሰበሰብን ሽንቱን መሬት እናጠጣ ነበር።

እርጥበቱ በጭብጥ ይለካል። አንድ እፍኝ ጨምቀህ በጣቶችህ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ሲለቁት ከተበተነ ውኃ ይጨመር።

በሳምንት ውስጥ ፌሮው አላስጨብጥ አለ። ከአዲስ አበባ የምግብ ማብሰያ ዲጂታል ቴርሞሜትር አስመጣን፣ 700 ብር። ዘንጉ የእርሳስ ያህል ስለሆነ ክምሩን በክንድ ቆፍሮ ውስጡ መስካት ግድ ነው። 62 ዲግሪ። ጠዋት ውርጩ ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ክምሩ ሲጨስ ያዩ ጎረቤቶች እሳት የያዘ መስሏቸው ባልዲ ይዘው መጡ።

የምንከተለው ደንብ የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ሕግ የሚለውን ነው፦ በሜዳ ክምር 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢያንስ 15 ቀን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አምስት ጊዜ መገልበጥ። በሽታ አምጪዎቹ ባክቴሪያዎች ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ፣ የወስፋት እንቁላል፣ አብዛኛው የአረም ዘርም የሚሞተው በዚህ ሙቀት ነው። መገልበጡ ዋናው ነገር የውጪው ቅርፊት ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ቅርፊቱ አይሞቅምና። በመንሽ ነው የሚገለበጠው፤ በአካፋ ሞክረን ወገብ ብቻ ነው ያተረፍነው።

ጥር

ሙቀቱ ወረደ፣ ቢገለበጥም አይነሳም። ቁመቱ ከግማሽ በታች ሆኗል። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ፣ ሽታው የዝናብ አፈር። መብሰሉ ግን በሽታ ብቻ አይታወቅም።

የፌጦ ሙከራ፦ አንድ እፍኝ ኮምፖስት በሁለት እፍኝ ውኃ በጥብጦ ማጥለል፤ ሁለት ሳህን ላይ ሶፍት ማንጠፍ፣ አንዱን በኮምፖስቱ ውኃ ሌላውን በንጹሕ ውኃ ማራስ፤ ሁለቱም ላይ እኩል ፌጦ መበተን፤ ሸፍኖ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል፣ ላቦራቶሪም ለዚሁ ሥራ ይጠቀምበታል፣ እኛ ቤት ደግሞ ለሆድ ተብሎ ሁልጊዜ አለ። በመጀመሪያው ሙከራ የኮምፖስቱ ሳህን ላይ ሥሩ ሲያጥር ጫፉም ሲጠቁር ታየ። አሞኒያ አለ፣ ገና ነው። ክምሩ ውኃ ተረጭቶ ተሸፍኖ ቆየ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ሳህኖች አልተለያዩም።

ሽንቱን ለማጠራቀም ከላሚቱ በታች ያለው መሬት ተስተካክሎ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ተደረገ፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ትንሽ ቦይ፣ ጫፉ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን። ሲሚንቶ፣ አሸዋና የግንበኛ ቀን 1,900 ብር። የዓመቱ ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ የማይቆጨኝም ይህ ነው።

የካቲት

ድንቹ ጉዳኔ ነው፤ ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ። ጎንቁሎ የበቀለ፣ እንቁላል የሚያህል። በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30። ኮምፖስቱ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ አልተጨመረም፤ መደቡ ላይ ተበትኖ በዶማ ተቀላቀለ።

ለማነጻጸር እያንዳንዳቸው 10 ካሬ የሆኑ ሦስት መደቦች ተለዩ። ሀ፦ ኮምፖስት ብቻ፣ 20 ኪሎ። ለ፦ ኮምፖስት 20 ኪሎና የተለመደው ዩሪያ ግማሽ። ሐ፦ ሙሉ ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው የፋብሪካ ማዳበሪያ)፣ ኮምፖስት የለም። የቀረው ጓሮ ሁሉ እንደ ለ።

ከክምሩ ጥግ በደንብ ያልገባ ቅርፊት ተርፎ ነበር፤ አጥሩ ሥር ባለች ቁራጭ መሬት ላይ ተደፍቶ እዚያም ድንች ተተከለ። ምን እንደሚሆን ለማየት።

ሚያዝያ

መደብ ሀ ነጣ ብሏል። የታችኞቹ ቅጠሎች ወደ ቢጫ ሄደዋል፣ ቁመቱም ከለ እና ከሐ ያንሳል። የሚጠበቅ ነው፤ የተብላላ ፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው የታሰረ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ የሚያገኘው ከአራት እጅ አንዱን እንኳ ላይሆን ይችላል። 20 ኪሎው ውስጥ በግምት 150 ግራም ናይትሮጅን አለ፤ ድንቹ ከ10 ካሬ የሚፈልገው 110 ግራም ነው። ወረቀት ላይ ይተርፋል፣ መሬት ላይ ግን ዘንድሮ የሚለቀቀው ቢበዛ 40 ግራም ያህል ነው። ቀሪው ለከርሞና ለዚያኛው ዓመት።

ውኃ ላይ ግን ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል። ሐ መስኖ ካገኘ በኋላ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሀ እና ለ ላይ ጣት እስከ መሃሉ ይገባል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ለሁለቱ መደቦች ውኃውን አራራቅነው። የጉድጓድ ውኃ በባልዲ ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ኩትኳቶም ሐ ላይ ዶማ ሲያስጮህ ለ ላይ በእጅ መኮትኮቻ አለቀ።

ሰኔ

ቆፈርን። ከ10 ካሬ፦ ሀ 16 ኪሎ፣ ለ 24 ኪሎ፣ ሐ 23 ኪሎ። በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ዓመት የተገኘ ስለሆነ ለ ከሐ በለጠ ለማለት አልደፍርም፤ በግማሽ ዩሪያ እኩል ደረሰ ማለት ግን እችላለሁ። ኮምፖስት ብቻውን እንዳልደረሰም እዚያው ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ጣሉ የሚለውን ምክር ልጆች ያሉት ገበሬ ባይሰማው ይሻላል።

አጥሩ ሥር ያለው ድንች ላዩ በእከክ ተሸፍኖ ወጣ፣ ብዙውም በትል ተበስቷል። ልጡን ወፍራም አድርጎ መላጥ ነው እንጂ ይበላል፤ ለሽያጭ ግን አይሆንም። በደንብ ያልተብላላ ፍግ ድንች ላይ የሚያመጣው ይህን ነው። ያሜሪካው ሕግ ጥሬ ፍግ መጠቀም ቢፈቅድም፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ከአዝመራ 120 ቀን በፊት፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን በፊት መሬት መግባት አለበት ይላል። ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ሰላጣና ካሮት ላይ ግን ጥሬ እበት ዝር አይልም።

በዚሁ ወር ዝናቡ ገባ፤ እነዚያ እናት ልጃቸውን ላኩ። «እበቱን ውሰድልን፣ ደጁን ዘጋው» ተባልኩ።

ከጥቅምት ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ያላየሁት ነገር። በክረምት ኩበት አይደርቅም። ፀሐይ የለም፣ የተጠፈጠፈው ይሻግታል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ሰው ክረምቱን የሚገፋው በበጋ በከመረው ኩበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እበት ደጅ ላይ ይከመራል፣ ዋጋ የለውም፣ ጎርፍ ይወስደዋል። በጥቅምት 150 ብር የከፈልኩበት ኩንታል አሁን የአህያ ጭነት ብቻ ነው፤ 60 ብር።

ሐምሌ

እበቱ ተገኘ፣ ጭዱ ጠፋ። ያለፈው ዓመት ጭድ አልቋል፣ የቀረችውን ከብቶቹ ራሳቸው ይራቡላታል። በዚህ ወር ጭድ ለኮምፖስት መጠየቅ ነውር ነው። በታኅሣሥ ጭድ ሞልቶ እበት ውድ፣ በሐምሌ እበት በነፃ ጭድ የለም። ሁለቱ በአንድ ወር አይገናኙም። የደጋ ኮምፖስት ሥራ ግማሹ ማከማቸት መሆኑ የገባኝ አሁን ነው፤ ሥልጠና ላይ የሚታየው የድርብርቦሽ ሥዕል ሁሉም ነገር በአንድ ቀን እጅ ላይ እንዳለ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

የተሞከረው፦ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ። ጆንያው 30 ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ከቺፕውድ የወጣውን አንቀበልም፣ ሙጫ አለበት። ለሦስት ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ሰጋቱራ፣ የጀሪካኑ ሽንት እላዩ ላይ። በአጥሩ ዙሪያ የታጨደ አረምም ዘር ሳይዝ ገባ።

መጀመሪያ ላስቲኩ ክምሩ ላይ ተጣብቆ ነበር የተሸፈነው። ላስቲኩ መሃል ላይ ውኃ አቆረ፣ በጎን ገባ፣ ክምሩ ሥር ጥቁር ውኃ መፍሰስ ጀመረ። ፖታሲየሙና ናይትሬቱ (በውኃ የሚሟማው ናይትሮጅን) የሚሄደው በዚያ ነው። ሙቀቱ 30 ላይ ቆመ፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ሆነ፤ አየር የለውም ማለት ነው።

ነሐሴ

የተስተካከለው፦ ክምሩ ወደ ከፍታ ቦታ ተዛወረ። ታች ድንጋይ፣ በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና ተደረደረ። ዙሪያውን ቦይ፣ ቦዩ ወደ ጎመኑ መደብ። ጣሪያው ከክምሩ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በአጣና ላይ እንደ ድንኳን ተወጠረ፤ ጎኑ ክፍት ነው። ላስቲክ 1,300 ብር፣ አጣና 400፣ ሚስማር ከቤት። ክምሩን ስናዛውር ሰጋቱራ ጨመርን፤ ጭብጡ ውኃ መትፋቱን ተወ።

ሙቀቱ ተነሳ፣ ግን እንደ ታኅሣሡ አይደለም፤ 57 ደርሶ ይመለሳል። ሰጋቱራው ቶሎ አይበሰብስም፤ ቀይ ቀይ ሆኖ እንደተቀመጠ ነው። ለጎመን አይደርስም። ጎመኑ የበላው ከበጋው ክምር የተረፈውን ነው፤ በአመዱ ጭምር ደህና ይዟል። ይህ ክምር ለመጪው የካቲት ድንች ነው፤ ጊዜ አለው፣ የፌጦውን ሳህን ጥር ላይ እናያለን።

አሁን የቀረው የጭድ ማስቀመጫ ነው። ከጋጣው ጎን 2 ሜትር በ3 ሜትር የቆርቆሮ ጥላ ለመሥራት ተለክቷል፤ አሮጌ ቆርቆሮ እየተጠየቀ ነው። አውድማው ሲያልቅ እብቁንና የባቄላውን አገዳ እዚያ ሞልተን እስከ ሰኔ ማቆየት። አይጥ እንዳይገባበት ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። እነዚያ እናትም ለከርሞ ክረምት የደጃቸው እበት ለኔ እንዲሆን ከወዲሁ ተስማምተዋል፤ ዋጋው ጥላው ሲሠራ የእሳቸውንም የኩበት ክምር ላስቲክ እንድቀይር ነው።

የዓመቱ ወጪ ከነቦዩ፦ እበት 1,200፣ ኩስና ባጃጅ 850፣ ቴርሞሜትር 700፣ ቦይ 1,900፣ የክረምቱ ላስቲክና አጣና 1,700። ሰጋቱራውና የአህያው ጭነት አልተመዘገበም፤ ሁለቱ ተደምረው ከ1,000 ብር አይዘሉም።